ብሌን የገዘተቻት

አያ ታከለ ልጃቸውን ጎንደር ሲያስገቡ ዕቃዋ በአንድ የእጅ ጋሪ አለቀ። የስፖንጅ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ግማሽ ማዳበሪያ የጤፍ ዱቄት፣ በጨርቅ የተቋጠረ ሽሮና በርበሬ፣ አንድ የከሰል ምድጃ። ከድብ ባሕር ጀምሮ አውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭኖ ስለመጣ ሁሉም አቧራ ለብሷል። ልጅቱ ዓይናዲስ ትባላለች። ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ከመንደሯ ሴት ልጆች ስምንተኛን አልፋ ለትምህርት ከተማ የገባች እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

የተከራዩላት እትዬ ይመኙሽ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው። አልጋ ከገባበት ወንበር አይገባበትም፤ ግን የግቢውን በር ሳይነኩ በጓሮ በኩል መንገድ ላይ የሚያወጣ የራሱ በር ነበረው። አያ ታከለ በሩን ከፍተው ዘጉት፣ መቀርቀሪያውን ሞከሩት፣ የላላውን ብሎን በቢላዋቸው ጫፍ አጠበቁት። ከዚያ ወደ አከራይቷ ዞሩ።

«እመት ይመኙሽ፣ እንግዲህ ልጅቱ የእርስዎም ልጅ ናት። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮብኝ መልሻለሁ፤ ዘመድ ተቀይሞኛል። እኔ ለአገሩ ያልኩት አንድ ነገር ነው። ስሟ በክፉ እስካልተነሣ ትማራለች። የተነሣ ለት ግን ደብተሯን ዘግታ አገሯ ትገባለች።»

«አይዞዎት አያ ታከለ፣ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤» አሉ እትዬ ይመኙሽ።

ሴት ልጃቸው ብሌን ደጃፉን ተደግፋ ማስቲካ እያኘከች ሁሉንም ስታይ ቆይታ ነበር። ትልልቆቹ ወጣ እንዳሉ ገባች።

«ይሄን ሁሉ በርበሬ ብቻሽን ልትጨርሺው ነው?»

«ምነው፣ በዛ እንዴ?»

«‹ምነው› አይባልም እዚህ። ፋራ እንዳትባይ ነው የምነግርሽ። ስምሽ ማነው?»

«ዓይናዲስ።»

«ረዘመ። ዓይኔ እልሻለሁ።» ፍራሹ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ ኪራዩን የከፈለችው እሷ ይመስል።

ሁለቱ እኩዮች ነበሩ፣ ትምህርት ቤትም አንድ ክፍል ደረሳቸው። ብሌን ዓይናዲስን እንደ አዲስ አበጀቻት። ሻሿን አስወለቀቻት። «ሸጋ» ስትል አፏን በእጇ እየያዘች «አሪፍ በዪ» አስባለቻት። እሑድ እሑድ ጠጉሯን ትሠራት ጀመር። አሠራሯ ያማል፤ ከሥሩ ሰብስባ ስትጎነጉነው የዓይናዲስ ቅንድብ ወደ ላይ ይሳባል፣ ዕንባዋ ይመጣል። «ካላመመሽ አልተሠራሽም፤» ትላታለች ብሌን። ሲያልቅ ግንባሯን ትስማትና መስታወት ታቀብላታለች። ዓይናዲስ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ልጅ ወደደቻት። ጎንደሬ መስላለች።

በዚያው ኅዳር ታይፎይድ ያዛት። እትዬ ይመኙሽ ሱቃቸውን ዘግተው ሊያስታምሙ አይችሉም፤ አያ ታከለ አጨዳ ላይ ናቸው። ብሌን ትምህርቷን ትታ ቤት ዋለች። ውኃ አፈላች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠች፣ በማንኪያ እያጎረሰች ሾርባ አጠጣቻት፣ የተፋችበትን አንሶላ አጠበች። «አንቺ ከሞትሽ እኔም አልቆይም፤» አለቻት አንድ ከሰዓት፣ እግሯን በሁለት እጇ እያሸች። ዓይናዲስን እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። እሷ ቤት ሰው ሲወደድ ከወጡ ላይ ጥሩዋ ቁራጭ ወደሱ ትገፋለታለች እንጂ በአፍ አይነገረውም። «ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚባለው ብሌን ላይ ሲደርስ እውነት መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው።

ስትድን ብሌን ስለ አባቷ ነገረቻት። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ መተማ መስመር ላይ ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ።

«እሱም ይወደኝ ነበር፤» አለች ብሌን። «አንቺም ትሄጃለሽ።»

«ወዴት እሄዳለሁ?»

«ሰው ሁሉ ይሄዳል። አልሄድም ብለሽ ማይልኝ።»

ዓይናዲስ ማለችላት። መሐላው ከባድ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን የማትፈጽመው ነገር ሆኖ አልታያትም።

ከዚያ ወዲያ ሕጉ እየበዛ ሄደ። ከብሌን በፊት ከክፍል አይወጣም። ብሌን ያልወደደችው መምህር ላይ አይሳቅም። ከቤት የመጣ ስንቅ መጀመሪያ ብሌን ታየዋለች፤ ቆሎውን ትመርጣለች፣ የተረፈው የዓይናዲስ ነው። ዓይናዲስ ይህን እንደ ሕግ አላየችውም። ሰው ለሚወደው የሚያደርገው ነው ብላ ትፈጽመው ነበር።

ሰርካለም የምትባል የጠዳ ልጅ ነበረች፤ እንደሷው ስንቅ እየተላከላት የምትማር፣ ሒሳብ የሚገባት። አንድ ቀን «ነይ እናጥና» አለቻትና ዓይናዲስ አጠገቧ ተቀመጠች። በዚያው ዕለት ብሌን ዘጋቻት። ግቢ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሲተላለፉ ግድግዳ እንዳየች ሁሉ ታልፋለች። ክፍል ውስጥ አንዷ «ምነው ከጓደኛሽ ጋር?» ብትላት «ጓደኛዬ አይደለችም፣ ሠራተኛችን ናት» ብላ መለሰች፤ ሦስቱም ረድፍ ሳቀ። ዓይናዲስ ጠዋት ጠዋት ዋናው ቤት ደጃፍ ላይ ትቆማለች።

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አላወቅኩም፣ በናትሽ ንገሪኝ።»

«ካላወቅሽማ የባሰ ነው።»

መጨረሻ ላይ ዓይናዲስ ደብተሯን ይዛ ከሰርካለም አጠገብ ተነሣች። ብሌን ያን ጊዜ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። «ልትገድዪኝ ነበር እኮ፤» አለቻት፤ ይቅርታ የጠየቀችውም ዓይናዲስ ናት። ሰርካለም በዕረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ አገኘቻትና «ተጣላን እንዴ?» ብትላት፣ ዓይናዲስ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር ብላ ብሌን እያየቻት እንደሆነ አረጋገጠች። ሰርካለም ያንን አይታ ሁለተኛ አልጠየቀቻትም።

በግማሽ ዓመቱ ውጤት ዓይናዲስ ሦስተኛ ወጣች፤ ብሌን ከመካከል በታች ነበረች። ብሌን ካርዱን አየችና መለሰችላት። «አባትሽ ደስ ይበላቸው። እኔ እንግዲህ ደደብ ነኝ።» ራት አልበላችም፤ በማግሥቱም ምሳ አልበላችም። በቀጣዩ ፈተና ዓይናዲስ የምታውቃቸውን ጥያቄዎች ባዶ ትታ ወረቀቱን አስረከበች። ከክፍል ስትወጣ ብሌን ክንዷን ይዛ እየሳቀች ወደ ሻይ ቤት ወሰደቻት፤ ደስ የሚል ቀን ነበር።

አያ ታከለ በስልክ «ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

«ከበደኝ አባ።»

«ይከብዳል። አይዞሽ። ቁጥሩ ይመለሳል፤ ብቻ ስምሽን ጠብቂ።»

አሥረኛ ክፍል ሲገቡ ብሌን ክንዱ የሚባል ባጃጅ ነጂ ወደደች። ጸጉሩን በአንድ ጎን የሚላጭ፣ ባጃጁን ከራሱ በላይ የሚያጥብ ልጅ ነው። ዓይናዲስ ስለ እሱ ከጠዋት እስከ ማታ ትሰማለች፤ ምን እንዳለ፣ እንዴት እንዳየ፣ ለምን ስልክ እንዳልደወለ። ቅናት ቢጤ ይሰማት ነበር፤ ቢሆንም ብሌን ይህን ሁሉ የምትነግረው ለእሷ ብቻ ነው፤ በዚያ ትጽናናለች።

«ዓይኔ፣ ቅዳሜ ክፍልሽን ስጪኝ፤» አለቻት።

«ለምንሽ?»

«ትንሽ ልናወራ። ፒያሳ ላይ ሰው ያየኛል። እማዬ ሱቅ ናት፣ በጓሮ ይገባል፣ በጓሮ ይወጣል።»

«እኔስ?»

«አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቁጭ በይ። መቼም ማንበብ ትወጃለሽ።»

«ሰው ቢያይስ ብሌንዬ? የኔ አባት እኮ…»

«አባትሽ፣ አባትሽ። አንቺን ከሞት ሳወጣሽ አባትሽ የት ነበሩ?»

ብሌን ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አወረደችና በዚያው እጇ የዓይናዲስን አገጭ ቀና አደረገች። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«በሚካኤል ገዝቼሻለሁ። ለሰው ትንፍሽ ብትይ በእናትሽ ይድረስ።»

በዓይናዲስ አገር ግዝት የቀልድ ነገር አይደለም። ልጅ ሳለች ዳኛው የሚባል ጎረቤታቸው፣ ቄሱ መስቀል አውጥተው የገዘቱትን ድንበር በአንድ ክንድ ገፋ፤ በዚያው ክረምት በረዶ የወረደው እሱ ማሳ ላይ ነው። ገብሱ ተጋድሞ በዓይኗ አይታለች። እናቷ ፈንታዬ ደግሞ ልቧን ያማታል፤ ከምንጭ ወደ ቤት ያለውን ዳገት መንገድ ላይ ሳታርፍ አትወጣውም።

«አንሺልኝ ብሌን። አልናገርም፣ ግን ግዝቱን አንሺልኝ።»

«ካልተናገርሽ ምን ያስፈራሻል?»

ቅዳሜዎቹ እንዲህ አለፉ። ዓይናዲስ ጽድ ዛፉ ሥር ትቀመጣለች፣ ጂኦግራፊ ታነባለች፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲዘጋ ቀስ ብላ ትመለሳለች። ክፍሏ የሰው ሽቶ ይሸታል፤ ብርድ ልብሱ ግን ሁልጊዜ ታጥፎ ነው የሚቆያት። ብሌን ሥርዓት ታውቃለች።

ጥር ላይ ጎረቤት ያሉ ጌሾ ሻጭ ሴት ክንዱን አዩት። ጃኬቱን እየለበሰ ከሰርቪሱ የጓሮ በር ወጣና ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። ሴትዮዋ ሌላ ምንም አላዩም፤ ያዩት ግን በቂ ነው። በቀጥታ ወደ እትዬ ይመኙሽ ሱቅ ሄዱ። ብሌን በግቢው በኩል ዋናው ቤት ገብታ ሲኒ ማጠብ ጀምራ ነበር።

ዓይናዲስ ደብተሯን ታቅፋ ስትመለስ እትዬ ይመኙሽ ፍራሿ ላይ ተቀምጠው ቆዩዋት።

«ማነው ልጁ?»

ዓይናዲስ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«እኔ አንቺን እንደ ልጄ ነው ያየሁሽ። ቤቴን ምን ልታደርጊው ነው? ማነው ብዬሻለሁ።»

ብሌን ከእናቷ ጀርባ በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇ የሳሙና አረፋ ነው። ዓይናዲስ አየቻት። አንድ ቃል፣ ግማሽ ቃል ከዚያች አፍ ትጠብቅ ነበር።

«ዓይኔ፣ ለእማዬ እውነቱን ንገሪያት፤» አለች ብሌን። «አትቆጣሽም።»

ዓይናዲስ ወለሉን ማየት ጀመረች። ዝምታው እንደ ማመን ተቆጠረባት።

አያ ታከለ በሦስተኛው ቀን ደረሱ። በእንግዳ ደንብ የቀረበላቸውን አልቀመሱም። ልጃቸውን ለብቻዋ ጓሮ ወስደው ቆሙ፤ አልተቆጡም፣ ዱላቸውን እንኳ ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ነበር።

«ልጄ፣ እውነት ነው?»

አፏን ከፈተች። እናቷ እንስራዋን አዝላ፣ ዳገቱ መካከል ላይ ቆማ፣ ደረቷን በመዳፏ ይዛ ታየቻት። አፏን መልሳ ዘጋች።

አያ ታከለ ጠበቁ። ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ገብተው ፍራሹን ጠቀለሉ፣ በጠፍር አሰሩት፣ የተረፈውን ዱቄት አፉን ቋጠሩት። የመማሪያ መጻሕፍቱን ለትምህርት ቤቱ እንድትመልስላት ለብሌን ሰጧት። ብሌን ተቀበለቻቸው።

ጋሪው ከግቢ ሲወጣ ብሌን ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። ዕንባዋ እውነተኛ ነው። «ሆድ ይፍጀው፤» አለቻት በጆሮዋ። «እወድሻለሁ ዓይኔ።»

ዓይናዲስ ያንን ቃል ይዛ አገሯ ገባች። ነገሩ ሲበርድ ብሌን ራሷ ትናገራለች ብላ አስባ ነበር። እትዬ ይመኙሽ ይለሳለሳሉ፣ ለአባቷ ይደወልላቸዋል፣ ትምህርቱም ሳያልቅ ትመለሳለች። የእናቷ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከማድቤት ትወጣለች። የደወለው ሁልጊዜ ሌላ ነው።

ወሬው ከአውቶቡሱ ቀድሞ ደርሷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ ስለ ራሷ የሚባለውን የሰማችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምንጭ ላይ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ዘወር ሲሉላት። በፊት የተመለሱት ሽማግሌዎችም እንደገና መጡ፤ ዘንድሮ ድምፃቸው ከፍ ብሏል። «እንግዲህ አያ ታከለ፣ አሁን የምትመርጡ ሰዎች አይደላችሁም፤» አለ አንዱ። አያ ታከለ «ልጄ ለገበያ አልወጣችም» ብለው ሸኟቸው። እንደዚያም ሆኖ ወደ ልጃቸው ፊት አይመለከቱም ነበር። እሷም ሳሕኑን አስቀምጣላቸው በጓሮ ትወጣለች።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የነፍስ አባታቸው ቄስ ማለደ ፈንታዬን ሊጠይቁ መጡ። ጸሎት አድርሰው ሲወጡ ዓይናዲስ ፈረሳቸው እስከታሰረበት ሸኘቻቸው፤ ልጓሙን ይዛ አልለቅ አለች።

«አባ፣ ግዝት የጣሰ ሰው ቅጣቱ በራሱ ነው ወይስ በወገኑ?»

«ማን ገዘተሽ?»

«ጓደኛዬ።»

«ቄስ ናት?»

«ተማሪ ናት።»

ቄስ ማለደ አልሣቁም። እርካቡ ላይ ያደረጉትን እግር መልሰው አወረዱ። «ልጄ፣ ግዝት ሥልጣን ነው፤ በክህነት የሚሰጥ ነው። ልጅ ልጅን አትገዝትም። ተነሥታ ገዝቼሻለሁ ብትል ነፋስ ነው የወጣው።»

«የዳኛውን እህል ግን በረዶ…»

«እሱን የገዘትኩት እኔ ነኛ። አንቺን ማን ገዘተ?»

«እናቴን አይነካትም?»

«አይነካትም። ሂጂ ለአባትሽ ንገሪ። ምነው እስከ ዛሬ ሳትጠይቂኝ?»

ልጓሙን ለቀቀች። እስከ ዛሬ ያልጠየቀችው፣ መጠየቁም መናገር ስለመሰላት ነበር።

አያ ታከለ ሞፈር እየጠረቡ አገኘቻቸውና ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ነገረቻቸው። መጥረቢያውን አስቀመጡ። የትኛው ዛፍ ሥር ትቀመጥ እንደነበር፣ ቁልፉ በማን እጅ ይውል እንደነበር፣ ጌሾ ሻጯ ያዩት በስንት ሰዓት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቋት። ከዚያ ልጃቸውን ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት። «ነገ እንሄዳለን። ትምህርቱ ገና ነው፤ ይደረስበታል፤» አሉ።

እትዬ ይመኙሽ ሳሎን ውስጥ የዕድራቸውን ዳኛ አስጠርተው ጠበቁ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ነገር መካከል ቶሎ አይገቡም። ዓይናዲስ ስትገባ ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ የማታውቃት ልጅ ተቀምጣ አየች፤ አዲስ ተከራይ ናት፣ ከወደ ዳባት መሰለቻት። ጠጉሯ ከሥሩ ተጎንጉኗል፤ ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቧል። ዓይናዲስ እዚያች ልጅ ላይ ዓይኗ ቀረ፤ አባቷ ክንዷን ይዘው ነው ያስገቧት።

አያ ታከለ ልጃቸው የነገረቻቸውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። እትዬ ይመኙሽ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ብሌን ዞሩ።

«ተናገሪ።»

«ውሸት ነው።»

«ልጄ፣» አሉ የዕድሩ ዳኛ፣ «ሁለታችሁም ልጆች ናችሁ፣ ማንም አይገድላችሁም። ክፍሉን የተጠቀመው ማነው?»

ብሌን እናቷን አየች። እትዬ ይመኙሽ ባላቸው ሲቀር በሠፈሩ ፊት ራሳቸውን ቀና አድርገው የቆዩ ሴት ናቸው፤ አሁን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ብሌን ማተቧን ከደረቷ ውስጥ ሳበች።

«ማተቤን ይዤ እምላለሁ። ክፍሉም የሷ፣ ልጁም የሷ ነው። እኔ አላውቀውም።»

የዕድሩ ዳኛ በረጅሙ ተነፈሱና ወደ ዓይናዲስ ዞሩ። «አንቺስ? ትምያለሽ? አንቺም ከማልሽ እኛ እጃችንን እናወጣለን፤ ለባለቤቱ ለፈጣሪ እንሰጠዋለን። እሱ ይለየዋል።»

ዓይናዲስ እንዴት እንደሚለይ ታውቃለች። መሐላ ከመሐላ ሲጋጠም በሐሰት የማለው ዓመቱን አይዞርም። የቄስ ሥልጣን የማይፈልግ ነገር ይሄ ነው፤ ቄስ ማለደም ነፋስ ነው ሊሉት አይችሉም። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። አባቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ወጥተው ይጠብቃሉ። ብሌንን አየቻት። ክሩን በያዙት ጣቶች ላይ ጥፍሮቿን እንደ ልማዷ እስከ ሥጋው በልታቸዋለች። በነዚያ ጣቶች ነው ሾርባ የጎረሰችው።

እጇን አወረደች።

«አልምልም፤» አለች።

ብሌን ፊት ላይ አንድ ነገር ተናደ፤ ለአፍታ ልትናገር መሰለች። ከዚያ እናቷ «ተመስገን» ሲሉ ሰማችና ክንዳቸው ሥር ገባች።

«እንግዲህ አንደኛዋ ከማለች፣ አንደኛዋ ከፈራች ነገሩ አለቀ፤» አሉ የዕድሩ ዳኛ። አያ ታከለ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ቤቱን ተሰናበቱ።

መናኸሪያ ደረሱ። አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ ጥላ ያዙ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትምይ ቀረሽ?»

«ብምል ያጠፋታል አባ።»

አያ ታከለ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቀረቀሩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል። «እንዲያ ከሆነ አምንሻለሁ፤» አሉ። «እስካሁንም በግማሽ ልቤ ነበር፣ አሁን በሙሉ አምንሻለሁ። ግን ልጄ፣ እኔ ባምን አገር አላመነም። ማን ቤቱን ያከራይሻል? ምን ብዬ ነው የምመልስሽ?»

«ትምህርቴስ?»

አያ ታከለ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ረዳቱ «ድብ ባሕር፣ ድብ ባሕር» እያለ ይጣራል። ዓይናዲስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ አባቷ ለትምህርቱ መስሏቸው ትከሻዋን መታ መታ ያደርጓታል። ለሱም ነው። ዓይኗን ስትጨፍን ግን የሚታያት ያቺ ደጃፍ ላይ የተቀመጠችው የዳባት ልጅ ናት።

ለባል አልሰጧትም፤ አያ ታከለ በዚያ ጸንተዋል። አክስቷ አዲ አርቃይ ስለነበረች ስፌት እንድትማር ወደዚያ ላኳት። የመጀመሪያውን ዓመት ቁልፍ ስትተክልና ጫፍ ስትዘመዝም አሳለፈች፤ ሁለተኛውን ሱሪ ላይ። ጦርነቱ ሲመጣ የአክስቷ የስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ጠፋ። ሲረጋጋ ሌላ ያገለገለ የእግር መኪና አግኝታ፣ ቀበቶውን ቀይራ፣ መንገድ ዳር የራሷን ሱቅ ከፈተች። ሥራዋ ንጹሕ ነው፤ ዚፕ ከገጠመች ተበላሸ ብሎ የሚመለስባት ሰው የለም። ዋናው ገቢዋ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም። ብሌን አግብታ አዘዞ እንደምትኖር ሰምታለች። የድሮ ስልክ ቁጥሯን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ደውላበት አታውቅም። ከማታውቀው ቁጥር ሲደወል ግን እስከ ዛሬ መቀሱን ታስቀምጣለች።

ባለፈው መስከረም ሁለት ልጆች ጉርድ ቀሚስ ሊሰፉ ገቡ። ተያይዘው ነው የገቡት። አንደኛዋን ለክታ ጨረሰችና ሜትሩን በሁለተኛዋ ወገብ ላይ አዞረች።

«ርዝመቱ የት ድረስ ይሁንልሽ?»

«ከጉልበቷ በላይ፤» አለች የመጀመሪያዋ። «ረጅም አይሆንላትም።»

«እሷን ነው የጠየቅኳት።»

«ያው ነው፣ እሷ አታውቅም።» ሁለቱም ሳቁ።

ዓይናዲስም ፈገግ አለችና «አንቺ እስቲ ውጪ ጠብቂያት፣ ቦታው ጠቦኛል» አለቻት። መጋረጃው ወደቀ። ልጅቱ እጆቿን ከሰውነቷ ለይታ እንደያዘች መጋረጃውን ታያለች።

«አሁን ንገሪኝ የኔ እመቤት። አንቺ የት ድረስ ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቱ አሰበች። አፏን ከፈት አደረገች፣ መልሳ ዘጋችው። «ልጠይቃትና ልምጣ?»

ዓይናዲስ ሜትሩን ቶሎ አልጠቀለለችውም። «ሂጂ ጠይቂያት፤» አለች።

ልጅቱ ወጥታ ተመለሰች። «ከጉልበት በላይ።»

ዓይናዲስ እንደዚያው ጻፈች። ጨርቁን ስትቆርጥ ግን በሳሙና ካሰመረችው አራት ጣት ዝቅ አድርጋ ቆረጠች። ትርፉን ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፤ በመኪና አልሰፋችውም። በእጇ፣ በሰፋፊው ዘመዘመችው፤ አንዱን ክር ጫፉን ይዘው ከሳቡት ሁሉም እንዲፈታ አድርጋ።

ሊወስዱ ሲመጡ ልጅቱ ለካችው። ጓደኛዋ «አሪፍ ነው» አለች። መስታወቱ ፊት ስትቆም ዓይናዲስ ዝቅ ብላ የጉርዱን ጫፍ ገለበጠችና እጥፋቱን ለልጅቱ ብቻ አሳየቻት።

«ትርፍ አለው፤» አለቻት ቀስ ብላ። «ስትፈልጊ ይወርዳል። መጥተሽ መጠየቅ አያስፈልግሽም፣ ይችን ክር ሳቢያት።»

ልጅቱ «እሺ» አለች፤ ዓይኗ ግን መስታወቱ ውስጥ ያለችው ጓደኛዋ ላይ ነበር። ተያይዘው ወጡ። ዓይናዲስ መንገዱን እስኪሻገሩ ቆማ አየቻቸውና ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ የሚሰፋ ብዙ ነበራት።